ጠብታ እና የኤሲው ማዞሪያ

የእህቴን ባል የታክሲ ተራው ሰው ሁሉ «ጠብታ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ አንድ ጠብታ ቤንዚን በከንቱ ሲቃጠል ካየ የገዛ ደሙ የፈሰሰ ይመስለዋልና። ቀይ መብራት ሲይዘው ሞተር ያጠፋል። ተሳፋሪ «አንዴ ጠብቀኝ፣ መጣሁ» ካለው ሞተር ያጠፋል። ክላክስ እንኳ የሚነፋው እየሳሳ ነው። «ክላክስ በባትሪ እንጂ በነዳጅ ነው እንዴ የሚሠራው?» ብለው ሲያሾፉበት «ባትሪውንስ ማን ይሞላዋል?» ብሎ አፋቸውን ያስይዛቸዋል። እኔ ደግሞ ዋርሳው ነኝና ከሰው ሁሉ የበለጠ የማሾፍ መብት አለኝ። ቋጣሪ እለው ነበር፤ ያውም ፊት ለፊት፣ ከገበታ ላይ ሳይነሳ። እሱም ይስቅ ነበር እንጂ አይቀየመኝም።

ቤታቸው ከአንድ ቁልቁለት ግርጌ ነው። ጠብታ ከሥራ ሲመለስ ቁልቁለቱ አናት ላይ ሞተሩን ያጠፋና መኪናዋን በገዛ ክብደቷ ያንሸራትታታል። «ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ይደነድናል፣ አንድ ቀን የሰው አጥር ይዘህ ትገባለህ!» ብዬ ስንት ጊዜ ጮኼበታለሁ። ወይ ፍንክች! እህቴ ታዲያ ጎማው ኮረኮንቹ ላይ ሲንኮሻኮሽ ጓዳ ውስጥ ሆና ትለየዋለች። እጇ ላይ ያለውን ጥላ ትወጣና የግቢውን በር ወለል አድርጋ ትከፍትለታለች፤ እሱም ፍሬን ሳይነካ፣ ሞተር ሳያስነሳ፣ ሹልክ ብሎ ይገባል። በሩን ተዘግቶ ቢያገኘው መቆም፣ ከቆመም እንደገና ሞተር ማስነሳት ሊኖርበት ነው፤ ይሄ ደግሞ ለጠብታ ሞት ማለት ነው። ከተጋቡ ጀምሮ በሩ ተዘግቶ ጠብቆት አያውቅም ነበር። ሁለቱም ነገሩን የነዳጅ ቁጠባ ነው ይሉታል። እኔ ሌላ ስም ነበረኝ፣ ግን ማን ይጠይቀኛል።

ከዚያ እህቴ ታመመች። በሽታው ክፉ ነው፤ መድኃኒቱም ከበሽታው አይሻልም። በየሳምንቱ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ድረስ ሄዳ፣ መድኃኒቱ በክንዷ ሲንጠባጠብላት አርፍዳ፣ ከሰዓት በኋላ መመለስ አለባት ተባለ። በመካከል ያለው መንገድ ገላጣ ሜዳ ነው። ዛፍ የሚባል ነገር የለበትም፤ ፀሐዩ ከላይ፣ አስፋልቱ ከታች ሰውን ይጠብሰዋል። አውቶቡሱ ደግሞ ለጤነኛም አይሆንም።

በዚህ ላይ ነዳጅ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ማደያው ለአንድ መኪና በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ የነዳጅ ጋን ብቻ ነው የሚሞላው። በጀሪካን መቅዳት ክልክል ነው። ትልቁ ከተማ ሄደህ ልቅዳ ብትል ደግሞ ታርጋህን አይተው «የከተማህ ማደያ ሂድ» ይሉሃል። አንድ ሙሉ ጋን ደርሶ ለመመለስ እንደ ምንም ይበቃል፤ እንደ ምንም ነው ያልኩት።

የመጀመሪያውን ጉዞ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ሄድን። ኤሲ የሚባል ነገር በመኪናዋ ውስጥ በስም ብቻ ነበር። ጠብታ መኪናዋን በገዛ ሰሞን ሞተሩ ኤሲውን የሚያዞርበትን ቺንጋ አስፈትቶ ዕቃ ቤት ወርውሮታል። «ኤሲ ጋኑን እኩሌታ ይጠጣል» የሚለው ወሬ በታክሲ ተራው ዘንድ እንደ ሃይማኖት ነው። ስንሄድ ጠዋት ስለሆነ ደህና ነበር። መድኃኒቱን ስትጨርስ ነርሷ «ሙቀት አይስማማትም፤ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ትሁን» አለችን። እኛ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከየት እናምጣ? ሜዳው መሐል ስንደርስ በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ ከምድጃ የወጣ ይመስል ነበር። ጠብታ ቶሎ ልድረስ ብሎ ሲፈጥን ንፋሱ ይብስ ይጋረፋል። እህቴ መጀመሪያ ከንፈሯ ነጣ፤ ከዚያ ምንም ሳትል ራሷን ስታ ትከሻዬ ላይ ወደቀች።

ውኃውን ሁሉ አናቷ ላይ ደፋሁት። ጠብታን ደግሞ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። «ቤንዚንህን ታቅፈህ ቁጭ በል! እህቴን ገድለህ ቤንዚንህን ታቅፈህ ቁጭ በል!» አልኩት። እህቴ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የተናገረችው «ለምንድነው የምትጮሂበት?» የሚል ነው። ቆሽቴ አረረ።

በማግስቱ ጠብታ ያንን አቧራ የጠጣ ቺንጋ ይዞ መካኒኩ ዘንድ ሄደ። እኔም ተከተልኩት፤ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ልጠብቀው ብዬ ነው።

«ኤሲዋን ሥራልኝ» አለው።

መካኒኩ ከመኪና ሥር ብቅ ብሎ አየውና «ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» ብሎ ሊስቅ ጀመረ። የሆነውን ስነግረው ሳቁን ዋጠና እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተነሣ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለው ጠብታ። «እኩሌታውን ይጠጣል?»

«የታክሲ ተራ ወሬ ተወው» አለ መካኒኩ። «ኤሲው ጉልበት የሚወስደው ከሞተሩ ነው፣ እሱ አይካድም። መኪናው ቆሞ፣ ወይ ጭንቅንቅ ውስጥ እየዳኸ ከሆነ በጣም ይጎዳሃል፤ ትንሽ መንገድ ሳትሄድ ብዙ ታቃጥላለህ። ሜዳ ላይ በአንድ ፍጥነት ቀጥ ብለህ ከሄድክ ግን ያን ያህል አይደለም።»

«መስኮት ከፍቼ ብሄድስ?»

«ቀስ ስትል መስኮቱ ነፃ ነው፣ ክፈት። ስትፈጥን ግን ንፋሱ ውስጥ ገብቶ ወደ ኋላ ይጎትትሃል። ያም ቢሆን የሚከፈለው በነዳጅ ነው። ስንት በስንት እንደሆነ እኔ አልምልልህም፤ መኪና ከመኪና ይለያያል። የራስህ የነዳጅ መለኪያ ቀስት ይንገርህ።»

ጠብታ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ «ዕድሜዬን ሙሉ ቁጠባ ነው ብዬ ንፋስ ስጎትት ኖሬያለኋ!» አለ። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። እሱም ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

ወሬው ተራው ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። «ጠብታ ጎርፍ ሊሆን ነው!» ብለው አሾፉበት። አንዱ ሽማግሌ ሾፌርማ ምክር ብሎ «በኤሲ ከሄድክ መንገድ ላይ ትቀራለህ፣ ልጄ፤ መቅረቱ ደግሞ ለበሽተኛ ይብሳል» አለው። ይሄኛው እውነት ነበረው። ጠብታም አልተከራከረውም።

በሁለተኛው ጉዞ ሽማግሌው ያለው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሆስፒታሉ በር ላይ የመኪና ሰልፍ ነበር፤ ሞተሩም ኤሲውም እየሠሩ ብዙ ቆምን። ቀስቱ እያየነው ወረደ። በመልስ መንገድ እኩሌታው ላይ ኤሲውን ማጥፋት ግድ ሆነበት። እህቴ ራሷን ባትስትም ቤት ስንደርስ እንደ ታጠበ ልብስ ዝርግት አለች። ተሸክሞ አስገባት። ሲወጣ በረንዳው ላይ አገኘሁትና ገና አፌን ከመክፈቴ «ዝም በይ» አለኝ። «አውቃለሁ። ነዳጁ ያው ነው፣ አይጨምርም። መንገዱም ያው ነው፣ አያጥርም። እሷ ግን እየቀዘቀዘች ትመጣለች። እንዴት እንደሆነ እኔ አገኘዋለሁ።»

ጥርሱን ነክሶ ያዘው። ሳምንቱን ሙሉ መኪናዋን ሸፍኖ ያቆማትና የሰው ታክሲ በምትክነት ይነዳል። ሥራ የሚሄደው በእግሩ፣ የሚመለሰውም በእግሩ ነው። የገዛ መኪናው ደጁ ቆማ እሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ያየ ሰው ሁሉ አበደ አለ። ጣሪያዋ ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ ፈታው፤ እሱም ንፋስ ይይዛል ተብሏላ። ጎማዎቹን አስሞላ። የአየር ማጣሪያውን አራግፎ አጸዳ። ከኋላ የታጨቀውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ አወጣ፤ መፍቻ፣ ገመድ፣ ማንም የማያስታውሰው አንድ እግር ጫማ። ሁሉንም ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ታየኛለህ?»

«ምንም።»

«ንገረኝ!»

«አይ... አንቺም እንግዲህ ቀላል አይደለሽም፣ ዋርሳዬ።»

«እኔን ልትጥለኝ ነው? ማን ይደግፋታል? ስኮርታ ጎማህን ጣል!»

ስኮርታውን መጣል ፈርቶ ተወው። እኔንም ተወኝ። ግን እስከ መጨረሻው ድረስ መኪናው ውስጥ በገባሁ ቁጥር በእኔ በኩል ያለውን ጎማ ጎንበስ ብሎ ያየው ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉዞው ሁሉ ሥርዓት ያዘ። ፀሐይ ሳትከር እንነሳና መስኮቱን ገርበብ አድርገን ያለ ኤሲ እንሄዳለን። ሆስፒታሉ በር ላይ ሰልፍ ካለ እኔና እህቴ ወርደን ቀስ ብለን እንገባለን፣ እሱ ሞተሩን አጥፍቶ ተራውን ይጠብቃል። ከገባ በኋላ መጀመሪያ የሚፈልገው ጥላ ነው። የግቢው አጥር ጥላ ይሰጣል፤ ጥላው ግን እየዞረ ይሄዳል። ጠብታም ይከተለዋል። ሞተር አያስነሳም፤ ማርሹን ባዶ ያደርግና በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በትከሻው ይገፋታል። መጀመሪያ ላይ ጥበቃው ሌባ መስሎት ተቆጣው። ሲነግረው ጊዜ ዱላውን አስቀምጦ አብሮ ይገፋ ጀመር። የተኛችበት ክፍል መስኮት ወደዚያ ነበርና እህቴ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶባት፣ ባሏ መኪና ሲገፋ ከላይ እያየች ትስቅ ነበር። በዚያ ሰሞን የምትስቀው ለዚያ ብቻ ነው።

ስትወጣ አራቱንም በር በርግዶ የታመቀውን ትኩስ አየር ያስወጣል። ከተማውን እስክንወጣ ቀስ እያለ በመስኮት፣ ሜዳው ላይ ስንደርስ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ኤሲውን መካከለኛው ላይ፣ ከዚያ በአንድ ፍጥነት ቀጥ ነው። ከባድ መኪኖች ሳይቀሩ እየጮኹብን ያልፉናል። አንገቱን አያዞርም። በአዲሱ ሥርዓት የመጀመሪያ ቀን ቤት ስንደርስ ቀስቱ ከፈራነው በላይ ቆሞ ስናገኘው መሪውን ሁለት ጊዜ ሳመው፤ እኔም ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። እህቴ መንገድ እኩሌታ ላይ «በረደኝ፣ አጥፋው» ማለት ጀመረች። እሱም እውነት መስሎት ያጠፋላታል። «እንዲያውም ነዳጅ ተረፈን» እያለ ይደሰታል። እኔ ከጎኗ ነኝ። በሻሿ ሥር ላቡ እየተንቆረቆረ አንገቷን ሲያርሰው አያለሁ። በዓይኗ ትጠቅሰኛለች፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። አንድ ጊዜ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ግን አንጀቴ አልቻለም።

«አቁም!» አልኩት። «መኪናውን አቁምና የሚስትህን አንገት ንካ!»

ዳር ይዞ አቆመ። ዞሮ እጁን ሻሿ ሥር ከተተና ማጅራቷን ነካው። እጁን ሲያወጣ እርጥብ ነበር። እህቴ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ትናንት በእግርህ ከሥራ ስትመጣ እያነከስክ ነበር» አለችው። «ለእኔ ብለህ ነው። እኔ ደግሞ ትንሽ ሞቀኝ እንጂ ምን ሆንኩ?»

ሞተሩን አስነሣ፣ ኤሲውን ከፈተ። ከዚያ የኤሲውን ማዞሪያ ይዞ ወደ ራሱ ሳበው። ነቀለው። ያችን ትንሽ ጥቁር ነገር ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቁልፉን ቆለፈባት።

«ከእንግዲህ ቢበርድሽ ፎጣ ልበሺ» አላት። «የነዳጁን ነገር ለእኔ ተይው። የአንቺ ሥራ መቀዝቀዝና መዳን ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ማዞሪያው ከኪሱ ወጥቶ የሚሰካው ሜዳው አፍ ላይ ነው፤ ኤሲው ሲከፈት ወዲያው ተነቅሎ ይመለሳል። እህቴ ብትለምንም፣ ብትቆጣም ወፍ የለም።

እንዲህ እንዲህ እያልን የመጨረሻው ጉዞ ደረሰ። ሐኪሙ ወረቀቶቿን አገላብጦ «በቃሽ፤ ከእንግዲህ ለምርመራ ብቻ ነው የምትመጪው» ሲላት እኔ እዚያው እልል ልል ቃጣኝ። ጠብታ የሐኪሙን እጅ ይዞ አልለቅ አለ። በደስታ ሰክረን ወጣን። አራቱን በር በርግደን፣ ትኩሱን አየር አስወጥተን ጉዞ ስንጀምር የከተማው መውጫ መንገድ ተቆፍሮ አገኘነው። መኪናው ሁሉ እንደ ምስማር ተተክሏል። ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ቁፋሮው አቧራ ያነሳል። መስኮት ብንከፍት እህቴ ማሳል ጀመረች። ብንዘጋ ታፈነች። ወደኋላ መመለስ አይቻልም፣ ወደፊትም የለም።

ጠብታ ማዞሪያውን ከኪሱ አወጣና ኤሲውን ከፈተው። ቆሞ፣ ጭንቅንቅ ውስጥ፤ መካኒኩ አታድርግ ያለውን በሙሉ። ቀስቱን ላለማየት ዓይኑን ፊት ለፊት ተከለ። እኔ ግን አየሁት። እንደዚያ ሲወርድ አይቼው አላውቅም።

ሜዳው ላይ ስንወጣ የቻለውን ሁሉ አደረገ። ነዳጅ መስጫውን የሚረግጠው በእንቁላል ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። እህቴ ቀዝቅዞላት፣ ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ከታመመች ጀምሮ መንገድ ላይ ስትተኛ ሳያት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ሜዳው ላይ ያለውን ድልድይ ስናልፍ የነዳጁ ቀይ መብራት በራ። ጠብታ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ቁልፉን ፈታ። ጣቶቹ ውስጥ ገቡ። በመስተዋቱ ወደ ኋላ ተመለከተ፤ እህቴን ተኝታ አያት። እጁን ባዶውን አወጣና ኪሱን መልሶ ቆለፈ።

ሰፈራችን ደረስን። ከቁልቁለቱ አናት በፊት ያለችውን አጭር ዳገት ስንወጣ ሞተሩ አስነጠሰ፤ እንደገና አስነጠሰና ጸጥ አለ። አናቱ እዚያው ፊታችን ነበር። ቀዝቃዛው ንፋስም አብሮ ቆመ። ጠብታ የእጅ ፍሬኑን ሳበና ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ።

«አለቀ» አለ።

እህቴ ነቅታ ዙሪያዋን ተመለከተች። የት እንደቆምን ገባት።

«ኤሲውን ብታጠፋው ኖሮ ቤት እንደርስ ነበር» አለችው። ቁጣ አልነበረበትም።

«አውቃለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ድልድዩ ላይ።»

ያንን ሰውዬ ስንት ዘመን ቋጣሪ ስለው ኖሬ፣ በዚያች ደቂቃ ተነሥቼ አንገቱን ላንቀው ወይ ልስመው አላወቅሁም።

እህቴ በሩን ከፈተችና እግሯን አወጣች።

«ወዴት ነሽ?» ብሎ ጠብታ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ።

«በሩን ልከፍት ነዋ። ማን ሊከፍትልህ ነው? እሷ እንደሁ ሁልጊዜ ታረፍዳለች» አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች። እውነቷን ነው። ከታመመች ወዲህ ነዳጅ ቀድቶ ሲመለስ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ የጎማውን ድምፅ መለየት አልቻልኩበትም፣ ሁልጊዜም በሩ ላይ ቆሞ ሲነጫነጭ ነው የምደርሰው።

«ልያዝሽ» አላት።

«አንተ መሪህን ያዝ።»

አናቱን አልፋ ቁልቁለቱን መውረድ ጀመረች። እኛም አናቱ ድረስ ተከትለናት፣ ቆመን ከላይ እናያታለን። እግሯ እንደ ልጅ እግር ይጠነቀቃል። መንገድ ላይ አንዴ ቆማ የጎረቤቱን አጥር ያዘች። ጠብታ ሊሮጥ ሲል ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት፤ «ተዋት!» አልኩት። ተነፈሰችና ቀጠለች። በሩ ጋ ደረሰች። ብረቱ ከባድ ነው፤ ገፋችው፣ እንቢ አላት። ዞራ በትከሻዋ ገፋችው። አንደኛው መዝጊያ ተከፈተ። ሁለተኛውን እየጎተተች እስከ ግድግዳው ድረስ ወስዳ አስጠጋችው። ከዚያ በሩ ዳር ቆማ ቀና ብላ አየችን።

ጠብታ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ መኪናው ውስጥ ገባ። «ግፊ፣ ዋርሳዬ!» አለኝ በመስኮቱ። «ክብደትሽ ዛሬ እንኳ ይጥቀመን!»

ባለኝ ጉልበት ሁሉ ገፋኋት። አናቱን አለፈችና ከእጄ አመለጠች። ጎማው ኮረኮንቹ ላይ እየተንኮሻኮሸ፣ ያለ ሞተር፣ ያለ ድምፅ ቁልቁል ወረደች። እኔ እዚያው አናቱ ላይ ቆሜ እያለቀስኩ አየኋቸው። እህቴ በሩን ይዛ ቆማ ነበር። ፍሬን ሳይነካ ገባ።